ሁለቴ ሚዛን ቤት የገባ ዕለት

በተመለስኩበት ከተማ ማመስገን አንድ ሙያ ነው፤ መንቀፍ ሌላ ሙያ ነው። አናጢ ልብስ እንደማይሰፋ ሁሉ አመስጋኝም አይነቅፍም። አመስጋኞች በላይኛው ሰፈር፣ ነቃፊዎች በታችኛው ሰፈር ይኖራሉ። በመካከላቸው ሚዛን ቤት የሚባል ሰፊ አዳራሽ አለ። ከውጭ የመጣ ማንኛውም አዲስ ዕቃ፣ መጋዝም ይሁን ፋኖስ፣ በአደባባይ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እዚያ ይገባል። መጀመሪያ አመስጋኙ ይሰማል፣ ቀጥሎ ነቃፊው፤ ከዚያ የሚዛን ሹሙ ይፈርዳሉ። ፍርዱ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» ነው። ሌላ ፍርድ የለም።

ይህ ሥርዓት መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ለምን እንደተጀመረ ግን ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሲናገር ሰሚው ይደክማል ይላሉ። በየቤቱም የሚኖረው እንዲሁ ነው። አክስቴ የሠራችውን ወጥ ቀምሳ «ግሩም ነው» ትላለች። ጨው እንዳነሰው የምትናገረው ጎረቤቷ ናት። ጎረቤቷ ካልተገኘች ወጡ ጨው እንዳነሰው ይበላል። የወንዙ ድልድይም የተመዘነው በዚሁ ሥርዓት ነው። አመስጋኙ ሲያመሰግኑት በጋ ነበር። የነቃፊው ተራ የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ነቃፊው ወንዝ ዳር ወርደው ድልድዩን ሊያገኙት አልቻሉም። ያልተነቀፈ ነገር መልካም ነውና «ይግባ» ተባለ። እስከ ዛሬ በካርታችን ላይ አለ።

እኔ ከዚህ ከተማ የወጣሁት ሙያ ሳልይዝ ነው። ሩቅ አገር ሄጄ ተማርኩ። እዚያ ያስተማሩኝ ማንኛውንም ነገር ከሁለት ወገን ማየት ነበር፤ ትምህርቱ በደንብ ስለያዘኝ ጫማ ስገዛ እንኳ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። የተመለስኩ ዕለት አጎቴ ጋሽ ይፍሩ ዘመድ ሰብስቦ ጠበቀኝ።

«እህ፣ አገሩ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ጥሩም መጥፎም አለው።»

«የቱ ነው?»

«ሁለቱም።»

አጎቴ ዘመዶቹን አየት አደረገና «መንገድ አድክሞታል፤ ነገ ይነግረናል» አላቸው።

በማግስቱም አልነገርኳቸውም። ወደ ሙያ ቢሮ ወሰዱኝ። የቢሮዋ ሴትዮ አንድ ወንበር አሳየችኝና «ተናገር» አለችኝ።

«ይመቻል፤ አንዱ እግሩ አጥሯል» አልኳት።

ብዕሯን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ወንድሜ» አለች በመጨረሻ፣ «ወይ ተቀመጥበት ወይ ተነስለት።»

በመታወቂያዬ ላይ «ያልተለየ» ብላ ጻፈች። ያልተለየ ሰው ሚዛን ቤት ገብቶ መቀመጥ ይችላል፤ ድምፅ ግን የለውም። በከተማው ውስጥ ይህ ቃል ያለብን ጥርስ ያላወጡ ሕፃናትና እኔ ነን። ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ተመልሼ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ አስብ ነበር፤ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን እወስናለሁ።

ከሩቅ አገር ይዤው የመጣሁት ዋና ንብረት አንድ ርካሽ ኮምፒውተር ነው። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ይነቀላል። ሲገጠም ላፕቶፕ፣ ሲነቀል ታብሌት ይሆናል። የሰፈሩ ሰው «ሁለቴ» ብሎ ስም አወጣለት። ሻጩ አንድ ገዝተህ ሁለት ትወስዳለህ ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ሳየው የወሰድኩት ሁለት ግማሽ ነው። ያም ሆኖ በእነዚያ ሁለት ግማሾች ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ስለዚህ በሻጩ ቅር ልሰኝ ወይስ ላመስግነው ገና አልወሰንኩም።

ሁለቴን በከተማችን መጀመሪያ የፈለጉት እትዬ የሻረግ ናቸው። እትዬ የሻረግ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ጃንጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ሳጥን ላይ አድርገው ይውላሉ። በከተማው አቤት የሚል ሰው ሁሉ አቤት የሚለው በእሳቸው ጣቶች ነው። እኔ ስመለስ ግን የጽሕፈት መኪናው ሪባን ካለቀ ቆይቷል። የሚሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል። አሮጌውን ሪባን ቀለም እየነከሩ ቢሞክሩም ፊደሉ እየደበዘዘ፣ ዳኞቹ «አይነበብም» እያሉ ማመልከቻውን ይመልሱት ጀመር። የእሳቸውም ዓይን ደክሟል። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ካልተገኘ በሩን ለቀው ገጠር እህታቸው ጋ ሊገቡ ነበር።

«ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ የኖረ ጣት ባቄላ ሲፈለፍል ይታይህ» አሉኝ አንድ ቀን። ቀጥለውም በአገጫቸው ወደ ብብቴ እያመለከቱ፣ «ያ ጠፍጣፋው ነገርህ ፊደል ያሳድጋል?» አሉ።

«የፈለጉትን ያህል።»

አንዲት ፊደል አውራ ጣት እስክታክል አሳደግኩላቸው። ዓይናቸውን ሳያጨነቁሩ አነበቧት። ኪቦርዱን ገጥሜ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። የጽሕፈት መኪና የለመደ ጣት ነውና፣ ጥቂት ቃል እንደመቱ ሁለቴ ወደ ኋላው ተንጋለለ። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ይከብዳል፤ ከጀርባው ያለችው ማቆሚያም ጠረጴዛ ትፈልጋለች። መሬት ሳይደርስ ቀለብኩት።

«ሰካራም ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ጉልበት ላይ መቆም አይችልም።»

«ሌላስ ምን አመል አለበት?»

ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሲከፈት ይዘገያል» አልኳቸው። «ሥራ ካበዙበት ይፈዛል። ሆዱ ጠባብ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ መስታወት ስለሚሆን ጽሑፉን ትተው የራስዎን ፊት ነው የሚያዩት። የሚገጠምበት ቦታ አቧራ ከገባው ደግሞ ኪቦርዱን ጨርሶ ይረሳዋል።»

«ደጉስ?»

«ቀላል ነው፤ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል፤ መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። የጻፉትን ስክሪኑን ነቅለው ለባለጉዳዩ ይሰጡታል፤ ከመታተሙ በፊት አይቶ ይህ ይጨመር፣ ይህ ይቀነስ ይላል። ከአልጋ የማይነሳ በሽተኛ ቢኖር ይዘውለት ይሄዳሉ።»

እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከነአመሉ እወስደዋለሁ» አሉ። «ለፀሐዩ ጃንጥላውን ዝቅ አደርጋለሁ። እዚህ ጋ ፕሪንተር ያለው ሱቅ አለ፤ እዚያ ይታተማል። ለመንጋለሉ ከኋላው አንድ ነገር ይደገፋል። ችግሩ ሳይመዘን በዚህ በር ላይ አያስጽፉኝም።»

ሁለቴን ሰጠኋቸውና አብረን ወደ ሚዛን ቤት ሄድን።

የሚዛን ሹሙ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት ሲመዝኑ የኖሩ ቢሆንም አንድ ችግር ግን መፍትሔ አላገኙለትም። ዕቃው መጀመሪያ ወደ አመስጋኞች ሰፈር ይወጣል፤ አመስጋኝ ደግሞ ያመሰገነውን ዕቃ መመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ ነቃፊዎች ሳያዩት ወራት ያልፋሉ። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ክፍል ማገናኘት በሥርዓቱ ክልክል ነው። ሁለቴን እያገላበጡ ሲያዩ እጃቸው መገጣጠሚያው ላይ ቆመ።

«ይህ ይላቀቃል?»

ነቅዬ አሳየኋቸው። ሹሙ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስመዝን» አሉ፣ «የእኛን ሥራ አስቦ የተሠራ ዕቃ ዛሬ ገና አየሁ።»

ወዲያው ስክሪኑን ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ለአመስጋኞቹ አለቃ ለአቶ ልሳነወርቅ ላኩት። ኪቦርዱን ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ለነቃፊዎቹ አለቃ ለእመት አስካለ ላኩት።

«ጌታዬ፣ ሲለያዩ እኮ ሌላ ነገር ነው የሚሆኑት» አልኩ።

«መታወቂያህን እስቲ?»

ሰጠኋቸው። አንብበው በአክብሮት መለሱልኝ። «ያልተለየ። ተቀመጥ ልጄ፣ ቆመህ አትድከም።» ወንበርም ሳቡልኝ።

የመመዘኛው ዕለት አዳራሹ ሞላ። አቶ ልሳነወርቅ ስክሪኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ድምፃቸው የተስተካከለ፣ ሆዳቸውም ድምፃቸውን የሚያግዝ ሰው ናቸው።

«ወገኖቼ! ይህን ዕቃ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ይዤዋለሁ፤ አልከበደኝም። በጣቴ ነካሁት፤ ታዘዘ። ደግሜ ነካሁት፤ ደግሞ ታዘዘ። ልጆቼ እንዲህ ታዘውኝ አያውቁም!» ሰው ሳቀ። «ሲከፈት ዘሎ አይወጣም። ጊዜ ይወስዳል፤ ጨዋ ነዋ! ፀሐይ ላይ ሳወጣው ደግሞ ፊቴን አሳየኝ። የቱ ዕቃ ነው ባለቤቱን እንዲህ የሚያከብር?»

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ እመት አስካለ በሌላው በር ገቡ። ቀጭን ናቸው፤ ሳይስቁ ያስቃሉ። ኪቦርዱን በሁለት ጣት አንጠልጥለውታል።

«ጠዋት መታሁት፤ ዝም። ከሰዓት መታሁት፤ ዝም። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩበት፤ የት እንዳደረሰው እሱ ያውቃል። ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እንኳ አንዳንዴ ይመልስልኝ ነበር!» አዳራሹ ተንጫጫ። «ስስ ነው፤ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት መሀሉ ይሰረጉዳል። ሽንኩርት ልክተፍበት ብል ጉብታ በጉብታ ነው። እንግዲህ ይህ ምን ይባላል?»

ሹሙ ሊፈርዱ ሲሉ እትዬ የሻረግ ዞረው አዩኝ። ተነሳሁ።

«ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው» አልኩ። «ስለ ሁለቴ ግን ማንም አልተናገረም። ሁለቴ ሁለቱ ሲገጠሙ ነው። ያኔ ኪቦርዱ ይናገራል፣ ስክሪኑም ይሰማል። ለከባድ ሥራ አይሆንም፤ አቅም ያለው ሰው የተሻለ ያገኛል። ማመልከቻ ለመጻፍ ግን ይበቃል። ዘገምተኛ ነው፤ ቢሆንም መብራት አይጠብቅም። ይወድቃል፤ ቢሆንም ከደገፉት ይቆማል። እትዬ የሻረግ ይህን ሁሉ አውቀው ነው የሚፈልጉት።»

ከፊት የተቀመጠች እናት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። አጎቴ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። «ኧረ አንዱን ይምረጥልን፣ ራሴን ሊያመኝ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሹሙ ግን አላቋረጡኝም። በኋላ እንዳስረዱኝ ያልተለየ ሰው ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የሌለውን ሰው ዝም በል ማለት ደግሞ ደንቡን መጣስ ይሆናል። ስጨርስ ምንም እንዳልተባለ ቀጠሉ።

«የተመሰገነው ይግባ። የተነቀፈው ይውጣ።»

ጭብጨባው ከባድ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቀን ያሸነፉት ያኔ ብቻ ነው። ስክሪኑ ወደ ከተማው ገባ፤ ኪቦርዱ በከተማው ውስጥ እንዳይታይ ተከለከለ።

«እኔስ በምን ልጻፍ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«በጣትዎ ነዋ፣ እትዬ» አሉ ሹሙ በደግነት። «ይታዘዛል ተብሎ ተመስክሯል።»

እትዬ የሻረግ ስክሪኑን ይዘው ወደ በሩ ተመለሱ። ስክሪኑ ላይ በጣት ሲጻፍ ፊደሎቹ ከታች ተደርድረው ግማሹን ቦታ ይይዙታል፤ የተጻፈው በቀረችው ጠባብ ቦታ ተጨንቆ ይቀመጣል። ፊደሎቹ ጥቃቅን ናቸው። ጣታቸው ቁልፍ ሲመታ መልስ የሚሰጠው ነገር ለምዷል፤ ስክሪኑ ግን አይመልስም። «መስኮት እየዳበስኩ ነው የሚመስለኝ» አሉ። አንዱን ማመልከቻ ሳይጨርሱ ረፋዱ ያልፋል። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። አንድ ቀን ስመጣ ጃንጥላውን እያጠፉ አገኘኋቸው።

«ባቄላው ደርሷል ብላ እህቴ ልካብኛለች» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ለማየት ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም። «የቀሩትን ባለጉዳዮች እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልያቸውና እሄዳለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ከእሳቸው በፊት ልሂድ ወይስ ሸኝቼ ልሂድ እያልኩ ስከራከር በሩ ተንኳኳ። እመት አስካለ ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ደረቴ ላይ ለጠፉት።

«እንካ።»

«ምንድን ነው?»

«ያው ከንቱ ኪቦርድህ ነው። እንዲህ ያለ መጥፎ ዕቃ ቤቴ እንዲያድር አልፈልግም።»

«ይውጣ ተብሎ ተፈርዶበታል እኮ።»

«ታዲያ እያስወጣሁት አይደል? ከቤቴ!»

ይህን ብለው ግን አልሄዱም። ጣቶቻቸው አየር ላይ የሆነ ነገር እንደሚነኩ ሁሉ ተንቀሳቀሱ። «ቁልፎቹ...» አሉና አፋቸውን ያዙ። «ቁልፎቹ በጣም መጥፎ ናቸው። ሲነኳቸው ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው... መጥፎ ናቸው! ማታ ማታ ሥራ ስፈታ ብነካካቸው ነው ያወቅሁት።»

«ገባኝ፣ እመት አስካለ።»

«ምንም አልገባህም። ምንም አላልኩማ!» አሉና ቁልቁል ወረዱ።

ሻንጣውን መንገድ ላይ እንዳያደናቅፈኝ በእግሬ ገፋ አድርጌ ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሮጥኩ። እትዬ የሻረግ መገጣጠሚያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ገጠሙት። ሁለቴ እንደ ልማዱ ተረጋግቶ፣ ተረጋግቶ ተከፈተ። ፊደሉን አሳደግን። ጃንጥላውን ዝቅ አደረግን። እትዬ የሻረግ ጣቶቻቸውን ዘረጉና መቱ፤ ሁለቴም ተንጋለለ።

ሳጥኑ ላይ አደረግነው፤ ለማቆሚያዋ ስለጠበባት ከኋላው ድንጋይ አስደገፍነው፤ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ጄሪካን አመጣን፤ ጄሪካኑ ከሁለቴ ጋር አብሮ ወደቀ። በመጨረሻ ከስክሪኑ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ቆመ።

«እንዲህ አድርገህ ያዝልኝማ» አሉ። «ማነህ፣ ቀጣይ!»

ከስክሪኑ ጀርባ ያለ ሰው የሚጻፈውን አያይም። የሚያየው ከእትዬ የሻረግ አጠገብ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠውን ባለጉዳይ ነው። አንድ ሽማግሌ ስለ አጥራቸው ሲያስጽፉ የጉሮሯቸው አጥንት ሲወጣ ሲወርድ አየሁ። አንዲት ሴት የባሏን ስም ከመናገሯ በፊት ከንፈሯን ስታረጥብ አየሁ። ከዚያም እትዬ የሻረግ ስክሪኑን ነቅለው ይሰጧቸዋል፤ እኔ እጄን አሳርፋለሁ፤ እነሱ ያነባሉ ወይም ይነበብላቸዋል፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ጠንከር ይበል» ይላሉ፤ ተመልሶ ይገጠማል። ሰልፉ እስከ ጥግ ድረስ ረዘመ። አጎቴ በዚያ ሲያልፍ አይቶኝ «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?» ብሎ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። መልስ ለመስጠት እጄ አልተመቸኝም።

የሚዛን ሹሙ የመጡት እንዲህ ባለ አንድ ቀን ነው። ተራቸውን ጠብቀው፣ እንደማንኛውም ሰው ቆመው። ፊታችን ሲደርሱ ዓይናቸው ሁለቴ ላይ አረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሁለቴ ነው፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ የሻረግ። ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ደርቀዋል።

«ስክሪኑን አውቀዋለሁ፤ ገብቷል። ኪቦርዱን አውቀዋለሁ፤ ወጥቷል። ይህንን ግን አላውቀውም። አልተመዘነም።»

«ይመዘን ቢባል ይነቅሉታል። ሲነቅሉት ደግሞ ሁለቴ የለም» አሉ እትዬ የሻረግ።

ሹሙ አሰቡበት። ሲያስቡ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንተስ ምን እያደረግህ ነው? እያመሰገንክ ነው ወይስ እየነቀፍክ?»

«ይዤው ነው፣ ጌታዬ። ካልያዝኩት ይወድቃል።»

ሹሙ የባለጉዳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ የመጣሁበትን እንጨርስና» አሉ። «ለበላይ መሥሪያ ቤት ነው። ስለ ሚዛን ቤቱ። ‹ሚዛን ቤታችን ያማረ፣ ሰፊ፣ ከተማው የሚኮራበት ቤት ነው› ብለው ይጻፉልኝ።»

እትዬ የሻረግ ጻፉ። «እሺ፣ ጌታዬ?»

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ የጃንጥላውን ጨርቅ ማርገብገብ ጀምሯል። እኔ ከስክሪኑ በላይ የሚታየኝ የሹሙ ዓይን ብቻ ነው። ወደ ሰልፉ ዞሩ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር አዩ፣ ወደ ታችኛው አዩ። ከዚያ ጃንጥላው ሥር ራሳቸውን አስገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጣሪያው ያፈሳል።»

እትዬ የሻረግ ጣታቸውን ከቁልፎቹ አነሱ። «የቱን ልተወው?» አሉ።

በዚህ መሀል ነፋሱ በረታ፤ ሁለቴ በእጄ ውስጥ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሹሙ እጃቸውን ዘርግተው የስክሪኑን ሌላ ጫፍ ያዙ። እስኪረጋ ጠበቁ።

«ሁለቱንም ይጻፉት» አሉ።